በአንድ እጅ ሳይክል መልመድ፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ የሞከረ ሰው አለ?

የጠባሴዋ፦

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል። በአጭሩ ስጠይቅ ሰው ሁሉ "ይቅርብሽ" ብሎ ስለሚያልፈኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ሠላሳን ተሻግሬያለሁ። ቤቴ ጠባሴ ነው፤ የምሠራው መሀል ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ግራ እጄ ከልደቴ ጀምሮ ደካማ ነው። ስወለድ ትከሻዬ አልወጣ ብሎ ተጎትቼ ነው የወጣሁት ይባላል፤ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ያኔ ተጎዱ። ክንዴ ከደረቴ በላይ አይነሳም፣ ክርኔም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ጣቶቼ ይሠራሉ፣ ጉልበት ግን የላቸውም። ብልቃጥ በግራዬ ደግፌ በቀኜ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ፌስታል አንጠለጥላለሁ፣ ብር እቆጥራለሁ። መጭመቅ ላይ ነው የሌለሁበት። የሳይክል ፍሬን ይዤ ሞክሬዋለሁ፤ ጣቶቼ ይደርሱበታል፣ ይጠቀልሉታል፣ እጀታው ግን ንቅንቅ አይልም።

ሳይክሉ የታናሽ ወንድሜ ነው። ሥራ አግኝቶ ሌላ አገር ሲሄድ በረንዳ ላይ ትቶልን ሄደ፤ እናቴ ጆንያ ታሰጣበታለች። ማርሽ አለው፣ መሀሉ ላይ አግዳሚ ብረት ያለው የወንድ የሚባለው ዓይነት ነው። ግራው ፍሬን የፊት ጎማ ይይዛል፣ ቀኙ የኋላውን።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። ባጃጅ አማሮኝ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጆቹ ማደያ ተሰልፈው ይውላሉ፣ በዚያ ቀን መንገድ ላይ የተገኘው ደግሞ የልቡን ይጠራል። በእግሬ መሄዱ አልጠፋኝም፤ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ጋ ቆሞ ለዋለ ሰው ግን ማታ በዚያ ነፋስ ወደ ቤት መመለስ ሌላ ሥራ ነው። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ሜዳ መሆኗ ደግሞ ያስቆጨኛል። ልጆች ሲነዱ እያየሁ ነው ያደግሁት። ማንም "ነይ ልያዝልሽ" አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው። በአንድ እጅ ብቻ ፍሬን ተይዞ በደህና መቆም ይቻላል ወይ? መሪው ወደ ደህናው እጅ አይጎትትም ወይ? ግራ እጄን በሆነ ነገር ከመሪው ጋር ባስረውስ? የት ሄጄ ልለማመድ፣ ሰው የማይሰበሰብበት? ደግሞ እባካችሁ "ባል አግቢና መኪና ይግዛልሽ" የሚል መልስ አይኑር፤ እሱን ቤት ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

የመናኸሪያው_ልጅ፦

እህቴ ሁለት እጅ ይዞም ሲኖትራክ ሲያልፍበት የሚንቀጠቀጥ አለ። የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ከተማውን መሀል ለመሀል ነው የሚሰነጥቀው። ይቅርብሽ።

መምህር_ዘጅሩ፦

"ይቅርብሽ" መጣልሽ። ቀድማ ተናግራ ነበር፣ አላነበብከውም መሰለኝ ወንድሜ።

እኔ እነዋሪ ነው የማስተምረው። የእኔ የተበላሸው ቀኜ ነው፤ ካንቺ በተቃራኒ። ልጅ ሆኜ ከበቅሎ ወድቄ ክንዴ ተሰበረና ወጌሻ በሸምበቆ ስንጣቂ አጥብቆ አሰረው። ሲፈታ ደም ያጣው ጡንቻ ሞቶ ነበር። ጣቶቼ ወደ መዳፌ ታጥፈው ቀሩ፤ አይዘረጉም፣ አይጨብጡም፣ የተቆለመመ ሜንጦ ሆነው ነው የቀሩት። ጠመኔ በግራዬ ነው የምጽፈው። ሳይክል የተማርኩት አድጌ ነው፣ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፤ አሁን በበጋ ከቤቴ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ በሱ ነው የምመላለሰው። በክረምት አልነዳም። የጅሩን መረሬ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭቃው ጎማና ፍሬን መሀል ገብቶ ይጋገርና ሳይክሉን አንተ ነህ የምትሸከመው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። ይቻላል። ግን ሰው ሁሉ የሚፈራው ሚዛኑን ነው፣ ሚዛን እጅ ላይ አይደለም ያለው። ወገብና ዓይን ላይ ነው። እጅ የሚያስፈልገው ለፍሬንና መሪው ሲንገጫገጭ ለመያዝ ነው። ሰው የሚወድቀው ፍሬን ሲይዝ ነው፣ እሱን ላስረዳሽ።

በሁለት እጅ የሚነዳ ሰው ፍሬን ሲይዝ ሰውነቱ ወደፊት ይወረወራል፣ ሁለት ክንዱ እኩል ይገፋውና ይመልሰዋል። እኛ ዘንድ ያ ክብደት በሙሉ አንዱ ክንድ ላይ ይወድቃል። ያ ክንድ ደግሞ የመሪውን አንድ ጫፍ ብቻ ነው የያዘው። አንዱ በሬ እንደደከመ ጥማድ ነው፤ ማረሻው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ቀኝሽን ተደግፈሽ ብትይዢ የመሪው ቀኝ ጫፍ ወደፊት ይሄዳል፣ ጎማው ወደ ግራ ይታጠፋል፣ አንቺ ልትቆሚ ስትይ ሳይክሉ መንገድ መሀል ይገባል። ልብ በይ፣ ግራሽ መኪናው ያለበት ወገን ነው።

መድኃኒቱ ይሄውልሽ። ፍሬን ከመያዝሽ በፊት ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጊ፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ፣ መሬት ጋ ትይዩ። እግርሽን ርገጪ፣ ጭንሽን ኮርቻው ላይ ጠበቅ፣ መቀመጫሽን ወደኋላ ገፋ። ክብደትሽን እግርሽ ይያዘው። ያኔ ቀኝ እጅሽ የሚሠራው ሥራ ፍሬኑን መጭመቅ ብቻ ይሆናል። ክርንሽ ላላ ብሎ መታጠፍ አለበት፤ ከተገተረ ሰውነትሽ ሲመጣ መሪውን ይገፋዋል። ይሄን ቆመሽ፣ ሳይክሉ ሳይንቀሳቀስ ተለማመጂው። ከዚያ በዝግታ እየሄድሽ። ፍሬኑን ቀደም ብለሽ፣ ቀስ እያልሽ ያዢ፤ ድንገት መጨምደድ የሁለት እጅ ሰዎች ቅንጦት ነው።

የመሪው ከፍታም ወሳኝ ነው። የወንድምሽ ሳይክል ሳያጎነብስሽ አይቀርም። መሪው ከኮርቻው ከፍ ይበል፣ ወደ ሰውነትሽም ይጠጋ። ቀና ብለሽ ከተቀመጥሽ እጅሽ ላይ የሚያርፈው ክብደት ያልቃል ማለት ይቻላል፣ የማይዘረጋው ክርንሽም ሳይለጠጥ ይደርስበታል። በሽቅድምድም ሳይክል አትጀምሪ፣ ቄንጡን ለጎረምሶች ተይላቸው።

እጅ ስለማሰር። አይሆንም። እኔ የታጠፉት ጣቶቼ መሪው ላይ ሲንጠለጠሉ ደስ ይለኛል፣ ያግዛሉም፤ ግን ስወድቅ ራሳቸው ሾልከው ይወጣሉ። በገመድ፣ በከመነዳሪ ቁራጭ፣ በምንም ብታስሪው ሳይክሉ ሲወድቅ ክንድሽን ይዞ ይጠመዝዘዋል። የተጎዳውን ትከሻ ደግሞ አልነግርሽም። ይረፍ፣ ይንካ፣ አይታሰር።

የጠባሴዋ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። "ጎማው ወደ ግራ ይታጠፋል" የሚለውን በረንዳ ላይ ሳይክሉ ላይ ተቀምጬ፣ እናቴ ኋላውን ይዛልኝ አየሁት። ልክ እንዳሉት ነው። መሪው ዞሮ ግድግዳውን ሊመታ ነበር። እናቴ "ይኸው!" አለችኝ፣ ክሷ ተረጋገጠላት። ወደኋላ ሸሽቼ፣ ጉልበቴን ጠበቅ አድርጌ ስደግመው ግን መሪው ቀጥ አለ።

አሁን የቀረኝ ፍሬኑ ነው። ቀኙ የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው። እሱ ብቻ ይበቃል?

ካቦና_ፍሬን፦

ሳይክልና ሞተር ጥገና ላይ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን። መጀመሪያ ለሳር ሜዳ ልምምድ የኋላው ብቻ ይበቃል። ለአስፋልት አይበቃም። ስትቆሚ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ነው የሚሄደው፣ የኋላው ጎማ ቀሎ ይቀራል፣ አጥብቀሽ ብትይዢው ይንሸራተታል እንጂ አያቆምሽም። በሌላ በኩል የፊቱን ብቻ ቀኝ ላይ አድርገሽ አጥብቀሽ ብትይዢ በመሪው ላይ አልፈሽ ትሄጃለሽ። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉሻል፣ ሁለቱም በቀኝ እጅ ወይም አንዱ በእግር።

መንገዱ ሁለት ነው።

አንደኛው ባለ ሁለት ካቦ፣ ማለት ባለ ሁለት የፍሬን ሽቦ እጀታ ነው። አንዱን እጀታ ስትስቢ ሁለት ካቦ ይጎትታል፣ የፊቱም የኋላውም ይይዛል። ዕቃው አለ፣ ግን እዚህ ሱቅ ገብተሽ "ስጡኝ" የምትይው አይደለም፣ ከአዲስ አበባ ማስፈለግ ይኖርብሻል። ስትገዢ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፤ የወንድምሽ ሳይክል ፍሬን ቪ የሚባለው ረጅም ክንዱ ከሆነ ብዙ ካቦ የሚስብ እጀታ ነው የሚፈልገው። የአጭሩን ዓይነት ብትገጥሚበት እጀታው መሪው ድረስ ይመጣል፣ ጎማው ግን ደንታም አይሰጠው። ሲገጠም የኋላው የፍሬን ጫማ፣ ጎማውን የሚይዘው ላስቲክ፣ ከፊቱ ትንሽ ቀድሞ እንዲነካ ነው የሚስተካከለው። የኋላው ካቦ ረጅም ስለሆነ ይለጠጣል፣ በየጊዜው ማጥበቅ አለ።

ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ፔዳል ወደኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ነው። አሮጌዎቹ የአውሮፓ ሳይክሎች ላይ አለ፤ ፍሬኑ የኋላ ጎማ መሀል ውስጥ ነው ያለው፣ ካቦ የለው፣ ዝናብ አይነካው። ያኔ የኋላውን በእግርሽ፣ የፊቱን በቀኝ እጅሽ ትይዣለሽ። ሁለቱም ለየብቻ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። መምህሩ ያሉት ነገር ላይም ይረዳል፤ በእግር ስትይዢ እግርሽ ፔዳሉን ረግጦ ስለሆነ ሰውነትሽ እጅሽ ላይ አይወድቅም።

ግን የወንድምሽ ሳይክል ላይ አይገጠምም ብዬ ነው የማስበው። ማርሽ የሚቀይረው ሳይክል ላይ ሰንሰለቱን የሚወጥር ላላ ያለ ክንድ አለው፤ ወደኋላ ስትረግጪ እሱን ነው የምትስቢው እንጂ ፍሬኑን አይደለም። አውጥተን አንድ ማርሽ ብናደርገው ደግሞ ሰንሰለቱን ለመወጠር የኋላውን ጎማ ወደኋላ ጎትቶ የሚታሰርበት ቦታ ያስፈልጋል፣ ብዙዎቹ አዳዲሶቹ የላቸውም። ሽጪውና አሮጌ የሴት ሳይክል ፈልጊ፣ አግዳሚ ብረት የሌለውን። ከውጭ ያገለገሉ ሲመጡ አዲስ አበባ ይገኛል። መውጣት መውረዱም ላንቺ ይቀልሻል፤ በአንድ እጅ ይዘሽ እግርሽን ከኋላ ማዞር አይጠበቅብሽም።

ከገዛሽ ግን የምነግርሽን አስተውይ። ከዚያ ፍሬን ጎን አንድ ጠፍጣፋ ብረት ወጥቶ ከሳይክሉ አካል ጋር በቡሎን ይታሰራል። ያ ቡሎን ከላላ ፍሬን የለሽም። ሰው ጎማ ቀይሮ እሱን ሳያስር ይሄዳል። ደግሞ ሲነሱ ፔዳል ወደኋላ አዙሮ ማስተካከል የለም፣ ያዝ ያደርጋል፤ ሳይክሉን ትንሽ ወደፊት ገፋ ታደርጊና የቀኙ ፔዳል ከፍ ሲል ትነሺያለሽ።

የመናኸሪያው_ልጅ፦

የወንድ ሳይክል ሽጪ ስትላት ወንድሟን ጠይቀኻል? 😀

ካቦና_ፍሬን፦

ጆንያ ሲሰጣበት ያልተቆጣ ወንድም ሲሸጥ አይቆጣም።

እህተ_ሩት፦

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በጽሑፍ ምርመራ አይደረግም፣ ግን መጠየቅ ያለብሽን ልጠቁምሽ።

የመጀመሪያው ስሜት ነው። በልደት ጊዜ የሚደርሰው የትከሻ ነርቭ ጉዳት አንዳንዱ ላይ ጡንቻውን ብቻ ሳይሆን የቆዳውንም ስሜት ይነካል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሌላ ሰው የግራ እጅሽን ጣቶች በጥጥ ይንካልሽ፤ የትኛው ጣት እንደተነካ ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ መሪው ላይ ስታሳርፊው እየተላጠም ላይሰማሽ ይችላል፣ ስለዚህ በየቀኑ በዓይንሽ ማየት አለብሽ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ደግሞ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ያረፈበት መሪ መያዝ ለደህና እጅም ይከብዳል፣ ነርቩ የተጎዳ እጅ ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ነው የሚበርደውና የሚገተረው። ለግራው ወፍራም የሱፍ ጓንት፣ ለቀኙ ፍሬን የሚያስይዝ ስስ።

ሁለተኛው ትከሻው ነው። ዙሪያው ያለው ጡንቻ ከደከመ መገጣጠሚያው የሚይዘው የለውም፤ በተንጠለጠለ እጅ ኮብልስቶን ላይ መንገጫገጭ ሲያመው ይውላል። እጅሽን ወይ መሪው ላይ ክርንሽ ታጥፎ አሳርፊው፣ ወይ ጭንሽ ላይ አድርጊው። ዝም ብሎ አይንጠልጠል። ህመሙ ከነዳሽ በኋላ በማግስቱም ካለ፣ ወይም ጣትሽ መደንዘዝ ከጀመረ አቁሚና ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ቀኝሽንም አትርሺው። በመድኃኒት ቤቱም በቤቱም ሥራውን ሁሉ እሱ ነው የሚሠራው፣ አሁን ሳይክሉንም ልትጨምሪበት ነው። ፍሬኑ በቀላሉ የሚሳብ ይሁን፣ እጀታውም ወደ መሪው ተጠግቶ ጣትሽ ሳይለጠጥ የሚደርስበት ይሁን። ለባለሙያው ብትነግሪው ትንሽ ብሎን አለችው፣ ያጠጋታል።

ማሰር የሚለው ላይ መምህሩን እደግፋለሁ። ሰው ሠራሽ እጅ ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት መያዣ እንኳ ሲወድቁ እንዲላቀቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው።

ቆላ_ወረድ፦

ሸዋ ሮቢት ነኝ። ጓንቱን ስሰማ ሳቄ መጣ፣ እኛ ጋ መሪው ያቃጥላል። ለማንኛውም ሳራ ስቶሪን ፈልጊያት፣ እንግሊዛዊት ናት። ግራ እጇ መዳፍና ጣት ሳይኖረው ነው የተወለደችው። መጀመሪያ ዋናተኛ ነበረች፣ ኋላ ሳይክል ላይ መጣች፣ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ በዋናና በሳይክል 19 የፓራሊምፒክ ወርቅ አላት።

መምህር_ዘጅሩ፦

ወርቁን ሰምተናል። እሷ የምትነዳው ሳይክል እዚህ መጥቶ የጠባሴን ኮብልስቶን ቢያይ ራሱ ይመለሳል። ለእህታችን የሚጠቅማት ግን አንድ ነገር አለ፤ ሴትየዋ ያንን ሁሉ ስታደርግ እጇ አልተለወጠም፣ ሳይክሏ ነው ለእጇ የተስተካከለው። ያው ካቦና ፍሬን ያለው ነገር ነው።

እኔ ስለልምምዱ ልጨርስላት።

ሁለቱንም ፔዳል አውጪያቸው። ኮርቻውን ዝቅ አድርጊና ሁለት እግርሽ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ። ከዚያ ቁጭ ብለሽ በእግርሽ መሬቱን እየገፋሽ ሂጂ። ልጆች ሆነን በእንጨት ሳይክል የምናደርገው ነው። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ ረዘም ረዘም እያደረግሽ፣ ኋላ ሁለቱንም እግር አንስተሽ እስኪንሸራተት ድረስ። ፍሬኑን እዚህ ጊዜ ላይ ተለማመጂው እንጂ ፔዳል ከገባ በኋላ አይደለም። ሰው ኋላ ይዞ እየሮጠ የሚያስተምረው ላንቺ አይሆንም፤ የያዘሽ ሰው በገፋሽ ቁጥር ቀኝሽ መሪውን ይጨምቃል፣ ያ ደግሞ ወደ አንድ ወገን መጎተትን ነው የሚያስተምርሽ።

ዓይንሽ ጎማው ላይ ከሆነ ጎማው ወዳየሽበት ይወድቃል። ራቅ አድርገሽ ተመልከቺ።

ቀኝ እጅሽን መሪው ጫፍ ላይ አታድርጊው፤ ፍሬኑ እስከደረሰ ድረስ ወደ መሀል ጠጋ ይበል። ወደ መሀል በቀረበ ቁጥር በአንድ ወገን የምትገፊው ይቀንሳል። እኔ የእኔን ፍሬን ራሱ ከቦታው አስነስቼ አራት ጣት ያህል ወደ መሀል አስጠግቼዋለሁ።

ቦታ፦ ሳር ይሁን፣ ትንሽ ዘንበል ያለ፣ መጨረሻው ወደ ላይ የሚመለስ። ድንጋይ የሌለበትን መርጠሽ። ሰዓቱን ግን አስቢበት፤ ከሰዓት በኋላ ያ ነፋስ ከተነሳ በሜዳው ላይ ከጎን ይመታሻል፣ አንድ እጅ ሆነሽ መሪ ይነጥቅሻል። እሑድ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያን እያለ ሜዳው ያንቺ ነው። እግዜርም ይቅር ይልሻል።

የጠባሴዋ፦

እሑድ ጠዋት እናቴን ማን ይቅር ያስብላል?

ሁለት ነገር ቀረኝ። መታጠፍ ላይ እጅ ማሳየት አለ አይደል? ግራ እጄ አይነሳም፣ ቀኜን ከለቀቅሁ ደግሞ መሪውም ፍሬኑም ሄደ። ሌላው ልብሴ። ሥራ ላይ ጋውን ነው የምለብሰው፣ ስወጣ ስገባ ግን ቀሚስ ነኝ፣ ሱሪ ብለብስ ደግሞ ሳይክሉ ላይ ሌላ ጦርነት ይጨመራል።

መምህር_ዘጅሩ፦

ወደ ግራ መታጠፍ የሚባለውን ነገር ከራስሽ አውጪው። እኔ ትልቅ መንገድ ላይ ወደ ግራ ታጥፌ አላውቅም። በቀኝ ጠርዝ አልፌ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ግራ ቀኝ አይቼ ሳይክሉን እየገፋሁ እንደ እግረኛ እሻገራለሁ። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። ወደ ቀኝ ስትታጠፊ ደግሞ ከኋላሽ የሚያቋርጥሽ ባጃጅ ነው የሚያስፈራሽ፣ እሱ እጅ ብታሳዪውም አያይም። በግራ በኩል መሪው ላይ መስታወት አስገጥሚ፤ አንገት አዙሮ ማየት መሪን ይዞ ይዞራል፣ በአንድ እጅ ደግሞ ይብሳል።

የአዲስ አበባ ደሴን መንገድ ግን ሳትለምጂ አትውጪበት። እዚያ ላይ የመናኸሪያው ልጅ ልክ ነው። ሲኖትራክ ሲያልፍ መጀመሪያ ነፋሱ ይገፋሻል፣ ካለፈ በኋላ ይስብሻል። ከኋላ ድምፁን ስትሰሚ ውረጂና ይለፍ። ወደ ጣርማ በር አቅጣጫ ደግሞ፣ ጎበዝ ሆንኩ ብለሽ አንድ ቀን ቁልቁለቱን እንዳትሞክሪው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው አናት ወደ ደብረ ሲና መውረጃው ላይ የጭነት መኪና ፍሬን ራሱ ይሸታል።

የመናኸሪያው_ልጅ፦

ልክ ነው ተባልኩ። ስክሪን ሻት አንስቻለሁ።

ካቦና_ፍሬን፦

ለቀሚሱ መልስ አለኝ፣ የሴቱ ሳይክል ለዚህም ነው የተሠራው። ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ክዳን ያለውን ፈልጊ፣ ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝም ልብስ እንዳይገባ መረብ ወይ ሽፋን አለው። ክዳኑ የተሰበረ ከሆነ አትግዢ፣ ለብቻው አይገኝም። ነጠላ ግን በምንም ሽፋን አልምልም፤ ወይ ታጥቀሽ አስሪው ወይ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። የነጠላ ጫፍ ጎማ ሲይዘው መጀመሪያ አንገት ነው የሚስበው።

ፔዳሎቹን ራስሽ ልታወጪ ከሆነ 15 ቁጥር ቁልፍ ነው የሚፈልገው። የቀኙ እንደማንኛውም ቡሎን ነው የሚፈታው፣ የግራው በተገላቢጦሽ። ካምታታሽ ቁልፉን ከላይ አስገቢና በሁለቱም ወገን ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ ግፊው፣ ይፈታል። ወንድሞች ሁሉ የግራውን በጉልበት አጥብቀው ጥርሱን በልተው ነው የሚያመጡልኝ።

የጠባሴዋ፦

ወንድሜን ደውዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ "ሽጪው፣ ግን ጎማውን አዲስ አስገጥሜበት ነበር፣ በርካሽ እንዳትሰጪ" አለኝ። እስኪሸጥ ድረስ ፔዳሉን አውጥቼ በሱ ልለማመድበት ነው፤ ኮርቻው ወርዶ እግሬ መሬት ደርሷል፣ ለመቀመጥ ግን አግዳሚው ብረት ስላለ ሳይክሉን አጋድሜ ነው እግሬን የማሳልፈው።

እህተ ሩት ያልሽውን የጥጥ ነገር እህቴ ሠራችልኝ። አውራ ጣቴና አመልካቹ ይሰማቸዋል። ትንሿና ቀለበት ጣቴ ላይ ሦስቴ ነክታኝ አንዴ ብቻ ነው ያወቅሁት። ይሄን እስከዛሬ አላውቅም ነበር። አንዳንዴ ምጣድ ጋ ለምን እንደሚቃጠሉብኝ አሁን ገባኝ።

እህተ_ሩት፦

እንግዲያው ጓንቱ ግዴታ ሆነ። ከነዳሽ በኋላ አውልቀሽ እነዚያን ሁለቱን ጣቶች እያቸው፤ ቀልተው ቅላቱ ካልጠፋ፣ ወይ ከተላጡ፣ መሪው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ለውጪ ወይ ስፖንጅ ጠቅልይበት። ምጣዱንም በቀኝሽ።

የጠባሴዋ፦

እሺ። ጋሼ፣ እርስዎ ከእነዋሪ ደብረ ብርሃን ሲመጡ ያንን ወደ መሀል የተጠጋ ፍሬን አንድ ጊዜ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

መምህር_ዘጅሩ፦

ሳይክሉን አውቶቡስ ላይ ጭኜ አልመጣም፣ ረዳቶቹ የሚጠይቁት ዋጋ ከእኔ ይበልጣል። ፎቶ አንስቼ እለጥፍልሻለሁ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ስልኩን ይይዝልኛል። ካቦና ፍሬን፣ አንተም እየውና ለእሷ እጅ የሚሆነውን ልክ ንገራት፤ የእኔ እጅ ትልቅ ነው።

ካቦና_ፍሬን፦

ልኩን ከፎቶ አልናገርም። ሳይክሉን ስታገኚ ሳትነጂው እየገፋሽ አምጪው፣ ተቀምጠሽበት ጣትሽ የሚደርስበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጌ እዚያው አስራለሁ። ከማምጣትሽ በፊት የኋላውን ጎማ አንስተሽ አዙሪና ፔዳሉን ወደኋላ ርገጪ። ቀጥ ካላለ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ካለው ገንዘብሽን አትስጪ።